ኮሶ ወይስ ኪኒን? የራያ ቆላ ዶሮዎች የአንጀት ትልና ሁለቱ መድኃኒቶች

መግቢያ

የዶሮ በሽታ ሲነሳ የሁላችንም ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፈንግል ነው። እውነትም ፈንግል ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰፈሩን ሙሉ ባዶ ያደርጋል። የአንጀት ትል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። ዶሮዋ ትበላለች፣ ትጭራለች፣ ቆጥ ላይም ትወጣለች፤ ነገር ግን አትወፍርም። ቄቧ እንቁላል የምትጀምርበት ጊዜ ይዘገያል፤ የምትጥለው ዶሮ ደግሞ ቀን እየዘለለች ትጥላለች። ጫጩቶቹ ክንፋቸው ይንጠለጠላል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ አንድ በአንድም ይሞታሉ። ባለቤቲቱም «ጭልፊት ወሰደው፣ ብርድ መታው» ብላ ታልፈዋለች። ኪሳራው አንድ ቀን ተደምሮ ስለማይታይ ማንም አያለቅስለትም።

በቆቦና በአካባቢው ቆላ የዶሮ ገንዘብ በአብዛኛው የእናቶች ገንዘብ መሆኑ ይታወቃል። ማሽላውና ጤፉ የቤቱ ሲሆን እንቁላሉ ግን የጨው፣ የቡና፣ የደብተርና የእስክሪብቶ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ፍየል የተሻገሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ዶሮ አንጀት ውስጥ ያለው ትል የሚበላው የዶሮዋን እህል ብቻ ሳይሆን የአንዲት እናትን እጅ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግሁት በተግባር ልምምድ ጊዜ በየቀበሌው ደጋግሜ የሰማሁትን ክርክር ነው። አንዱ ወገን «የአባት የእናታችን መድኃኒት፣ ኮሶውና ነጭ ሽንኩርቱ ይበቃል፤ ኬሚካል መርዝ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሥራ ሥር ድሮ ቀረ፣ ኪኒን ነው እንጂ» ይላል። እኔ ግን ክርክሩ ራሱ የቆመበት ቦታ ትክክል አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ትሎቹ እነማን ናቸው?

መድኃኒት ከመምረጥ በፊት ጠላትን መለየት ይቀድማል። በእኛ አገር ሰው በልማድ ሁለት ስም አለው፤ ክቡን ትል ወስፋት፣ ጠፍጣፋውን ደግሞ የኮሶ ትል ይለዋል። ይህ ክፍፍል በሳይንሱም ትክክል ነው።

ከወስፋት ወገን ዋናው አስካሪዲያ ጋሊ ይባላል። ነጣ ያለ ሆኖ እስከ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የሚኖረው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። ሲበዛ አንጀቱን እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ይዘጋዋል። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ይወጣና እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለመጋባት ዝግጁ ይሆናል። ዶሮዋ ስትጭር ከአፈርና ከውኃ ጋር ትውጠዋለች። ልጁ ትል መጀመሪያ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ ጉዳት የሚያደርሰውም ያኔ ነው። ከተዋጠ ከ5 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ራሱ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሌላው ሄተራኪስ ጋሊናረም የሚባለው ትንሹ ትል ነው፤ እሱ ከአንጀቱ መጨረሻ ግራና ቀኝ በተቀጠሉት ሁለት ጭፍን ከረጢቶች ውስጥ ይኖራል። በራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን ሂስቶሞናስ የተባለውን የጉበት በሽታ አምጪ በእንቁላሉ ውስጥ ተሸክሞ ያዛምታል።

ከኮሶ ትል ወገን ደግሞ ራይሊቲና የሚባሉት በብዛት ይገኛሉ። የእነዚህ እንቁላል በቀጥታ ዶሮን አይዝም። መጀመሪያ ጉንዳን ወይም ጢንዚዛ ይበላዋል፤ በነፍሳቱ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ዶሮዋ ጉንዳኑን ስትለቅም ትሉን አብራ ትለቅማለች። አሞቦቴኒያ የተባለው ሌላ ትንሽ የኮሶ ትል ደግሞ የሚተላለፈው በምድር ትል፣ ማለትም ከዝናብ በኋላ ከእርጥብ አፈር በሚወጣው ትል ነው።

ለመሆኑ በክልላችን የትኛው ይበዛል? በዚህ ላይ አገር በቀል ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት በአማራ ክልል ገጠር ለቅመው የሚያድሩ 267 የአገር ዶሮዎችን አርደው መርምረዋል። ከነዚህ ውስጥ 243ቱ፣ ማለትም 91 በመቶው ትል ተገኝቶባቸዋል። አንድ ዶሮ እስከ 9 ዓይነት ትል ተሸክማ ተገኝታለች። ከሁሉም በላይ ራይሊቲና ቴትራጎና በ45.69 በመቶ፣ አሞቦቴኒያ በ40.45 በመቶ፣ አስካሪዲያ ጋሊ በ35.58 በመቶ፣ ራይሊቲና ኢኪኖቦትሪዳ በ25.84 በመቶ ዶሮዎች ላይ ታይተዋል። ሄተራኪስ 17.28 በመቶ ነበር። ጥናቱ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ሲያወዳድር ትሉ በብዛት የተገኘው በቆላው ነው።

ይህን ቁጥር አንባቢ በደንብ ያስተውልልኝ። ከአራቱ ቀዳሚ ትሎች ሦስቱ ወስፋት አይደሉም፤ የኮሶ ትሎች ናቸው። ኋላ ስለ መድኃኒት ስንነጋገር ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል።

የባህሉ ወገን

ባህላዊውን መድኃኒት የሚንቅ ሰው ታሪኩን አያውቅም። ኮሶ የአገራችን ትልቅ የትል መድኃኒት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የኮሶን አበባ ወቅጦ በየጊዜው ሲጠጣ ኖሯል፤ ትሉም ስሙን የወሰደው ከመድኃኒቱ ነው። ከኮሶ ሌላ እንቆቆና መተሬ በየገበያው ይሸጣሉ። እነዚህን ተክሎች የመረመሩ ሊቃውንትም ትልን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች እንዳሉባቸው አረጋግጠዋል። ስለዚህ «አይሠሩም» ማለት አይቻልም።

ችግሩ ሌላ ነው። የኮሶው ልምድ ያለን በሰው ላይ ነው እንጂ በዶሮ ላይ አይደለም። ኮሶ የሚታወቀው ደግሞ በኮሶ ትል ላይ እንጂ በወስፋት ላይ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ሰውን እንኳን እንደሚያስመልስ፣ እንደሚያዝል፣ አልፎም ዓይንን እንደሚጎዳ ተመዝግቧል። ታዲያ ከ1 ኪሎ ብዙም ለማታልፍ ዶሮ ስንት ይሰጣል? ከሮቢት ወዲህ ባለ አንድ መንደር ይህንኑ ጥያቄ ለአንዲት እናት አቅርቤላቸው ነበር።

«እማማ፣ ለዶሮዋ ኮሶውን ስንት ነው የሚሰጧት?» አልኳቸው።

«በግምት ነዋ ልጄ! በጣቴ ቆንጠር አድርጌ ከሊጥ ጋር አጎርሳታለሁ።»

«የከብቱን ኪኒንስ ሞክረውት ያውቃሉ?»

«እሱማ የበሬ ነው፤ ዶሮዬን ይገልብኛል። ጎረቤቴ ግን ሰባብራ በውኃ ትሰጣለች።»

«እሷስ መጠኑን እንዴት ታውቀዋለች?»

ሳቁ። «እሷም በግምት!» አሉኝ።

እኔ እንደማየው የክርክሩ እውነተኛ ፍሬ ያለው በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ጎረቤታሞች ዶሮ ወዳድ ናቸው፤ አንዷ በተፈጥሮ፣ ሌላዋ በኬሚካል ታምናለች፤ ሁለቱም ግን የሚሰጡት በግምት ነው።

ስለ ሌሎቹ የተፈጥሮ መድኃኒቶችም የሚታወቀውን ላንሳ። ነጭ ሽንኩርት በሁሉም ቤት አለ፤ ብዙ ሰውም ይመሰክርለታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከነጭ ሽንኩርት የሚገኘውን አሊሲን በአስካሪዲያ በተያዙ ዶሮዎች ላይ ሞክረው የትሉን ቁጥር አልቀነሰም። በዚያው ሙከራ ፍሉቤንዳዞል የተሰጣቸው ዶሮዎች ግን ከትሉ ተገላግለዋል። የፓፓያ ወተት እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት በአሳማዎች ወስፋት ላይ በጥሩ ሁኔታ ሠርቷል፤ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት አንዳንዶቹን ግን በማግስቱ ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዟቸዋል። መጠኑም በኪሎ ግራም ክብደት እስከ 8 ግራም ነበር። በመስኖ ዳር ፓፓያ የተከለ ገበሬ ይህን ያህል ወተት ለዶሮዎቹ ሁሉ ከየት ያመጣል? የዱባ ፍሬም የኮሶ ትልን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ዶሮዎች በደስታ ይበሉታል፤ ለምግብነቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን የዱባ ፍሬን ምግብ ብሎ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የታመመ መንጋን በሱ ብቻ አድናለሁ ብሎ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ትምባሆ የሚሰጡም አሉ። ይህን በግልጽ እቃወማለሁ። ኒኮቲን ትልን ይገድላል፤ ዶሮንም ይገድላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው።

የፋብሪካው ወገን

በፋብሪካ ከሚሠሩት መድኃኒቶች ለዶሮ ትል ስማቸው የሚነሳው ሦስት ናቸው።

አንደኛው ፒፐራዚን ነው። ወስፋቱን ያደነዝዘዋል፤ የደነዘዘው ትልም ከኩስ ጋር በሕይወቱ ይወጣል። ለዶሮ እጅግም አደገኛ አይደለም። ሆኖም የሚሠራው በትልቁ አስካሪዲያ ላይ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉትን ልጅ ትሎች ብዙም አይነካም፤ በሄተራኪስ ላይ ደካማ ነው፤ በኮሶ ትል ላይ ግን ከነጭራሹ አይሠራም። አሁን ከላይ ያስተዋልነውን ቁጥር እናምጣ። በክልላችን በብዛት የተገኘው ራይሊቲና ከሆነ፣ ፒፐራዚን ብቻ የሰጠች እናት ዶሮዋ ወስፋት ስታወጣ አይታ ትደሰታለች፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ሌላው ትል ግን እዚያው ይቀራል። ያኔ «ኬሚካሉም አይሠራም» የሚል ወሬ ይወለዳል። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ሠርቷል፤ የተሳሳተው ትሉን ሳይለዩ መስጠቱ ነው።

ሁለተኛው ሌቫሚሶል ነው። በክብ ትሎች ላይ ጠንካራ ነው፤ የትሉን ጡንቻ አጨማዶ ያስለቅቀዋል። እሱም ቢሆን በኮሶ ትል ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው የአልቤንዳዞልና የፌንቤንዳዞል ወገን ነው። እነዚህ ትሉ ምግብ የሚወስድበትን የሕዋስ መዋቅር አፍርሰው በረሃብ ይገድሉታል። ስለዚህ ፈጥነው አይሠሩም፤ ቀናት ይፈልጋሉ። አልቤንዳዞል በበቂ መጠን ከተሰጠ ክብ ትሎችንም ራይሊቲናንም ስለሚመታ ለእኛ አካባቢ የትል ስብጥር የተሻለ ሆኖ ይታየኛል። በአሜሪካ በዶሮዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ጥሩ ውጤት ያሳየው መጠን በኪሎ ግራም ክብደት 20 ሚሊ ግራም ነው።

የፋብሪካው ወገን ድክመትም አለበት። በገበያችን የሚገኘው አልቤንዳዞል ለከብትና ለበግ የተዘጋጀ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ስለ ዶሮ፣ ስለ እንቁላልም ሆነ ስለ መታቀብያ ቀን አልተጻፈም። ላባ በሚቀይሩ ዶሮዎች ላይ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ላባውን ሊያበላሹ ይችላሉ። ለመታቀፍ በሚሰበሰብ እንቁላል ጊዜም መስጠቱ አይመከርም። ከዚህ በላይ ደግሞ ትሉ ይለምዳል። በአሜሪካ የቱርክ ዶሮ እርባታዎች ፌንቤንዳዞል በተደጋጋሚ ከተሰጠ በኋላ የአስካሪዲያ ዘመድ የሆነ ትል መድኃኒቱን እንደተቋቋመ እ.ኤ.አ. በ2019 ሪፖርት ተደርጓል። ትልን የሚያስለምደው ነገር ደግሞ በተለይ ዕለት ዕለት ያልሞላ መጠን መስጠት ነው። «በግምት» የሚለው ቃል እዚህም መጣ ማለት ነው።

ክፍፍሉ ራሱ ትክክል ነው ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ሌቫሚሶል ትሉን የሚያጠቃው በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ባለች አንዲት በር በኩል ነው። ያቺ በር ኒኮቲን የሚገባባት በር ናት። ማለትም የትምባሆው ቅጠልና የፋብሪካው ዱቄት ትሉን የሚያንኳኩት በአንድ ደጃፍ ነው። ልዩነታቸው አንዱ «ተፈጥሮ» ሌላው «ኬሚካል» መሆኑ አይደለም። ልዩነታቸው የሌቫሚሶል ልኩ መታወቁ፣ ትሉን ገድሎ ዶሮዋን በሚተው መጠን መለካቱ ነው።

የኮሶም ኃይል ከኬሚካል የመጣ ነው። በአበባው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ባይኖር ኖሮ ኮሶ ተራ አበባ በሆነ ነበር። ነገር ግን የዚህ ንጥረ ነገር ብዛት በዛፉ ዕድሜ፣ በተለቀመበት ወር፣ ሴት ወይም ወንድ አበባ በመሆኑ፣ በደረቀበትና በተቀመጠበት ጊዜ ይለያያል። የገበያው ኮሶ ዘንድሮ ጠንካራ፣ ለከርሞ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፦ በየትኛው ትል ላይ? በስንት መጠን? ለስንት ክብደት? ምን ማስረጃ አለ?

ልክ መለካት

ይህን በምሳሌ ላሳይ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስሌት ማንም ሰው በራሱ ተነስቶ እንዲያክምበት ሳይሆን በግምትና በልክ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ያቀረብኩት መሆኑን ይወቁልኝ፤ ከመስጠት በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አንዲት የአገር ዶሮ 1.2 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ሲባል የሚያስፈልጋት 24 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ነው። የበግና የፍየሉ ኪኒን 300 ሚሊ ግራም፣ የከብቱ ደግሞ 2,500 ሚሊ ግራም ይይዛል። እንግዲህ አንዱ የበግ ኪኒን ለ12 ዶሮ ገደማ፣ አንዱ የከብት ኪኒን ደግሞ ከ100 ለሚበልጡ ዶሮዎች ይበቃል ማለት ነው። አንዲት እናት የከብቱን ኪኒን አራት ቦታ ሰብራ አንዱን ቁራጭ ለአንዲት ዶሮ ብታጎርስ 625 ሚሊ ግራም ሰጠች፤ ይህም ከሚያስፈልጋት 26 እጥፍ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንዱን የበግ ኪኒን ፈጭታ በመጠጫ ውኃ ብትበትነው መድኃኒቱ በውኃ ስለማይሟሟ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቀድማ የጠጣችው ምንም አታገኝም፣ የመጨረሻዋ አተላውን ትጠጣለች። አንዷ ከልክ በላይ፣ ሌላዋ ከልክ በታች ሆነ ማለት ነው።

በልክ ሲሆን ግን እንዲህ ነው። አንዱ ባለ 300 ኪኒን በደንብ ደቅቆ በ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። በዚህ ጊዜ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለ1.2 ኪሎ ዶሮ 2.4 ሚሊ ሊትር፣ ለ300 ግራም ቄብ 0.6 ሚሊ ሊትር መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ይወሰዳል። ከመቅዳት በፊት ሁልጊዜ መናወጥ አለበት። ሲሰጥም በአፏ ጎን ቀስ ብሎ ነው፤ አስጎንጭቶ በኃይል መጋት ወደ አየር ቧንቧ ያስገባዋል። ዶሮዋን ለመመዘን የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ይበቃል፤ በፌስታል ወይም በቅርጫት ተደርጋ ትመዘናለች። ቆቦ የሽንኩርት አገር ስለሆነ ሚዛን አይጠፋም።

«ሠራ» ለማለት ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምስክርነት «ሰጠኋት፣ ትል ወጣ፣ ዳነች» የሚል ነው። ይህ ምስክርነት ውሸት ነው አልልም፤ ግን አይበቃም። ምክንያቱን ላስረዳ።

አንደኛ፣ ትል መውጣቱ ትል ማለቁን አያሳይም። የኮሶ ትል አካሉ ተቆርጦ ቢወጣና ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ቢቀር እንደገና ያድጋል። ሁለተኛ፣ ዶሮዎች ዕድሜያቸው ከሦስት ወር ካለፈ በኋላ ለአስካሪዲያ ያላቸው መቋቋም ይጨምራል። መድኃኒት ያልተሰጣትም ዶሮ በራሷ ልትሻሻል ትችላለች ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ዝናብ መጥቶ ሣርና ነፍሳት ሲበዛ የምግቡ መሻሻል ብቻውን ዶሮዋን ያነሳታል።

ስለዚህ ትክክለኛው ፈተና ማወዳደር ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። በአንድ ቀበሌ የሚገኙ በዕድሜ ተቀራራቢ ዶሮዎች በሦስት ይከፈሉ። ለአንደኛው ኮሶ ወይም የዱባ ፍሬ በተመዘነ መጠን፣ ለሁለተኛው አልቤንዳዞል በልኩ፣ ለሦስተኛው ምንም አይሰጥ። ከመስጠት በፊትና ከሰጡ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ኩሳቸው ይሰብሰብ። ጨው ከዚህ በላይ አልሟሟም እስኪል በተበጠበጠበት ውኃ ኩሱ ሲበጠበጥ የትል እንቁላል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማክማስተር መስታወት ላይ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ በአንድ ግራም ኩስ ስንት እንቁላል እንዳለ ይቆጠራል። ለምሳሌ በፊት 800 የነበረው በኋላ 80 ከሆነ ቅነሳው 90 በመቶ ነው። ነገር ግን ምንም ያልተሰጠው ቡድንም በራሱ ከ800 ወደ 400 ወርዶ ከሆነ መድኃኒቱ የሚመዘነው ከ400 ጋር ተወዳድሮ ነው፤ ቅነሳውም 80 በመቶ ይሆናል። የኮሶ ትል እንቁላል በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከየቡድኑ ለገበያ ወይም ለበዓል ከሚታረዱት ውስጥ አንጀት ተቀድዶ ትሉ ቢቆጠር የበለጠ አስተማማኝ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ብር አይጠይቅም። ባህላዊውን መድኃኒት ማክበር ማለትም መፈተን ማለት ነው። ዝም ብሎ ማሞገስ ግን አያቶቻችን ያገኙትን እውቀት ባሉበት ማስቀረት ነው።

ሁለቱም የማይደርሱበት ቦታ

ከላይ እንዳልኩት ከ10 ቀን በኋላ የትሉ እንቁላል ለመጋባት ይደርሳል። ኮሶም ሆነ ኪኒን የሚሠራው ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለውን እንቁላል አይነካም። ዛሬ የታከመች ዶሮ ነገ ከዚያው እርጥብ ጓሮ ትለቅማለች። ስለዚህ ከሁለቱም መድኃኒቶች እኩል የሚያስፈልገው የግቢው ጽዳት ነው።

በራያ ቆላ አንድ ትልቅ ረዳት አለን፤ እሱም ፀሐይ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቦታ ናት። የትል እንቁላል ጥላና እርጥበትን ይወዳል፣ ድርቀትና የፀሐይ ትኩሳትን ግን አይችልም። እንግዲህ ከቆጥ ሥር ያለው ኩስ በየሳምንቱ፣ ቢቆይ ቢቆይ ከ10 ቀን በፊት ተጠርጎ ይውጣ፤ ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ተከምሮ ይብላላ፤ ከዚያ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የመጠጫ ዕቃው በድንጋይ ከፍ ይበል፤ ዙሪያው ጭቃ እንዳይሆን። በመስኖ አካባቢ ያሉ ቤቶች ደግሞ ቦዩ ከሚያረጥበው ቦታ ቆጡን ራቅ ያድርጉት። ጫጩቶች ከትላልቆቹ ተለይተው በንጹሕና ደረቅ ቦታ ይደጉ፤ ትል ተሸካሚዎቹ ብዙ ጊዜ ደህና የሚመስሉት ትልልቆቹ ናቸውና። ለኮሶ ትሉ ደግሞ ከቆጡ አጠገብ ያለው የጉንዳን ጎሬ ይነሳ። ለቅማ የምታድር ዶሮን ከጉንዳን ፈጽሞ መለየት ባይቻልም ኩሱ ካለበት ቦታ ጉንዳኑን ማራቅ ግን ይቻላል።

ምግብም መድኃኒት ነው። ፕሮቲንና ቫይታሚን ኤ ያነሳቸው ዶሮዎች በአስካሪዲያ የበለጠ ይጎዳሉ። በበጋ ምድሩ ሲደርቅ ጥቂት የጎመን ቅጠል ወይም አልፋልፋ መጣል ከብዙ ኪኒን ያድናል።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዶሮዎች በአንድ ጊዜ በብዛት ቢሞቱ፣ አንገታቸው ቢጠመዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ቢታይ ያ ትል አይደለም። ፈንግልን ኮሶም ሆነ አልቤንዳዞል አያድነውም፤ የሚከላከለው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ነው። ትል ነው ብሎ ሥራ ሥር ሲወቅጡ ቀኑን ማሳለፍ የጎረቤትንም መንጋ ያስጨርሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ ልሰብስብ። በክልላችን የአገር ዶሮ ላይ በብዛት የተገኘው ትል የኮሶ ትል ነው፤ ስለዚህ ፒፐራዚን ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ባለን ማስረጃ የታመመ መንጋ ያላት እናት በባለሙያ ምክር በልኩ የተሰጠ አልቤንዳዞል ብትጠቀም ከኮሶውና ከነጭ ሽንኩርቱ የበለጠ ተስፋ አላት። የዱባው ፍሬና ጎመኑ በምግብነታቸው ይቀጥሉ፤ ትምባሆው ግን ይቅር። ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ደግሞ ከመናቅም ከማምለክም ወጥተው በእኛ በተማሪዎቹ እጅ በዶሮ ላይ ይፈተኑ። ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ ልኩ ተገኝቶለት የገጠሯን እናት ከኪኒን ወጪ የሚያሳርፍበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ያ ቀን የሚመጣው ግን በክርክር ሳይሆን በሚዛንና በማይክሮስኮፕ ነው።

ለእረፍት ወደየቀያችን ስንመለስ እያንዳንዳችን የእናታችንን ዶሮዎች ብንመዝን፣ ቆጡን ብንጠርግ፣ መጠኑንም በወረቀት ጽፈን ግድግዳው ላይ ብንለጥፍላቸው የተማርነው ትምህርት ከዚያው ይጀምራል እላለሁ።